ከክትባት በኋላ የሚታዩ የሆርሞን ዕጢ ሕመሞች፦ የትኛው ከክትባቱ ነው?

ከክትባት በኋላ ደረሱ ተብለው በሕክምና መጽሔቶች ከተዘገቡት የሆርሞን ዕጢ ሕመሞች መካከል ደጋግሞ የሚነሳው የታይሮይድ ዕጢ መቆጣት ነው። ታይሮይድ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ በአንገት ፊት ለፊት ይገኛል። የልብ ምትን፣ የሰውነት ሙቀትንና የምግብ አጠቃቀምን ፍጥነት የሚወስን ሆርሞን ያመርታል፤ ያመረተውንም ለሳምንታት የሚበቃ አድርጎ ያከማቻል። ሕመሙን ለመረዳት ይህን ክምችት ማስታወስ ያስፈልጋል።

የስዊዘርላንዱ ቀዶ ሐኪም ፍሪትዝ ደ ከርቫን እ.ኤ.አ. በ1904 የገለጸው የዕጢው መቆጣት ብዙውን ጊዜ ጉንፋን መሰል ሕመም ካለፈ ከሳምንታት በኋላ ይጀምራል። አንገት ሲነካ ያማል፤ ሕመሙ ወደ መንጋጋና ወደ ጆሮ ይወጣል፤ ትኩሳትና ድካም ይከተላሉ። የተቆጣው ዕጢ ያከማቸውን ሆርሞን ወደ ደም ስለሚያፈስ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ይበዛል። ክምችቱ ሲያልቅ ደግሞ ተቃራኒው፣ የሆርሞን እጥረት፣ ለጥቂት ወራት ሊታይ ይችላል። አብዛኞቹ ሕሙማን ይድናሉ፤ ጥቂቶቹ ግን ሆርሞኑን በኪኒን እየተኩ ለመኖር ይገደዳሉ። ከሴቶች ጋር ሲነጻጸር ወንዶችን የሚይዘው ከስንት አንድ ነው፤ ኤችኤልኤ-ቢ35 የተባለውን የዘር ምልክት የያዙ ሰዎችም ይበልጥ ይጋለጣሉ።

በኮቪድ-19 ክትባት ዘመቻ ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ በቱርክ ሲኖቫክ ያመረተውን ክትባት የወሰዱ ሦስት ሴት የጤና ባለሙያዎች በቀናት ውስጥ በዚህ ሕመም መያዛቸው ተዘገበ። በዚያው ዓመት በሜክሲኮ የፋይዘርን ክትባት የወሰዱ ሁለት ሴት የጤና ባለሙያዎች ግሬቭስ የተባለ ሌላ የታይሮይድ በሽታ ታየባቸው። ግሬቭስ የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ዕጢውን ያለ ማቋረጥ ሆርሞን እንዲያመርት የሚገፋ አንቲቦዲ ሲሠራ ነው። ተመሳሳይ ሪፖርቶች ከሌሎች አገሮች ተከተሉ። ነገሩ በኮቪድም አልተጀመረም፤ ከኢንፍሉዌንዛ ክትባት በኋላም እንዲህ ያለ ሕመም ከዓመታት በፊት ተዘግቧል።

ምክንያቱን ለማስረዳት ሁለት ሐሳቦች ቀርበዋል። አንደኛው፣ ክትባቱ ያስተማረው የመከላከያ ሥርዓት የቫይረሱን ቅርጽ የሚመስል የዕጢው ፕሮቲን ሲያጋጥመው ተሳስቶ ያጠቃዋል ይላል። ሁለተኛው የእስራኤሉ ሐኪም ዬሁዳ ሾንፌልድና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ያቀረቡት ሲሆን፣ ለክትባት ማጠናከሪያ የሚጨመሩ ንጥረ ነገሮች በዘር የተጋለጠን ሰው መከላከያ ሥርዓት ይቀሰቅሳሉ የሚል ነው። የዚህኛው ሐሳብ ድክመት ግልጽ ነው፦ መለያ ምልክቶቹ ድካምንና የመገጣጠሚያ ሕመምን የመሳሰሉ እጅግ የተለመዱ ስሜቶችን ስለሚያካትቱ ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ ይገባበታል።

ሪፖርት ብቻውን ምክንያትን አያረጋግጥም፤ ለዚህም የቁጥር ማመሳከሪያ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኦልምስቴድ አውራጃ በተደረገ የረዥም ጊዜ ጥናት የደ ከርቫን ሕመም በዓመት ከ100,000 ሰው ወደ 5 የሚጠጉትን ይዟል። በዚህ ስሌት 10 ሚሊዮን ሰው ቢከተብ፣ ክትባቱ ምንም ባያደርግ እንኳ በተከታዮቹ አራት ሳምንታት 38 ያህል ሰዎች ይታመማሉ። እያንዳንዳቸው ሕመሙ የመጣው ከመርፌው ነው ብለው ቢያምኑ አይፈረድባቸውም። ስለዚህ ተመራማሪዎች የተከተቡትን ካልተከተቡት፣ ወይም አንዱን ሰው ከራሱ ሌላ ጊዜ ጋር ያነጻጽራሉ። በሆንግ ኮንግ የሕክምና መዛግብት ላይ የተሠሩ ጥናቶች የታይሮይድ መታወክ በተከተቡት ላይ ጨምሮ አላገኙትም። ኮቪድ ራሱ ግን ዕጢውን እንደሚያስቆጣ ከጣሊያን ፒሳ እ.ኤ.አ. በ2020 ተዘግቧል።

ስለ ዓይነት 1 የስኳር በሽታም ተመሳሳይ ጥርጣሬ ነበር፤ ኢንሱሊን አመንጪ የቆሽት ሕዋሳትን የልጅነት ክትባት ያጠፋል ተብሎ። በዴንማርክ እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2000 የተወለዱ ከ700,000 በላይ ሕፃናትን መዝገብ የመረመረው ጥናት ግን እ.ኤ.አ. በ2004 ግንኙነት የለም ብሎ ደመደመ።

በኩላሊቶች አናት ላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ እዚህ የክትባቱ ድርሻ ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2021 ጸደይ በጀርመን ግራይፍስቫልድ የአንድሪያስ ግራይናኸር ቡድን፣ የአስትራዜኔካን የኮቪድ-19 ክትባት በወሰዱ ጥቂት ሰዎች ደም ውስጥ ፒኤፍ4 በተባለ የፕሌትሌት ፕሮቲን ላይ የሚነሣ አንቲቦዲ አገኘ። አንቲቦዲው ፕሌትሌቶችን እየቀሰቀሰ ደም ያረጋል፤ ቁጥራቸውንም ያመናምናል። ወደ አድሬናል የሚገባው ደም ብዙ፣ መውጫው ደግሞ በአብዛኛው አንድ ሥር ብቻ ነው፤ እርሱ ሲዘጋ ዕጢው ይደማል። ሕመምተኛው የሆድ ወይም የጎን ሕመም ይሰማዋል፣ የደም ግፊቱና ጨው መጠኑ ይወርዳል፤ ሁለቱም ዕጢዎች ከተጎዱ የሚያመርቱት ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ስለሚያልቅ ሃይድሮኮርቲሶን በፍጥነት ካልተሰጠው ሊሞት ይችላል። ችግሩ በጣም ብርቅ ቢሆንም ዴንማርክ ክትባቱን አቆመች፤ ብሪታንያም ለወጣቶች ሌላ ክትባት መረጠች። ኢትዮጵያ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. የኮቪድ-19 ክትባት የጀመረችው በዚሁ አስትራዜኔካ ነው።

በኢትዮጵያ የአዮዲን እጥረት ያመጣው እንቅርት የቆየ ችግር ስለሆነ፣ ከክትባት በኋላ የተስተዋለ የአንገት እብጠት ቀድሞ የነበረ ሊሆን ይችላል። የተለመደው እንቅርት ቀስ ብሎ ያድጋል፣ አያምም፤ የደ ከርቫን ሕመም ግን በድንገት መጥቶ ያሠቃያል። ልዩነቱ ሕክምናውን ይወስናል። ግሬቭስ የሆርሞን ምርትን በሚገቱ መድኃኒቶች ይታከማል፤ በተቆጣ ዕጢ ላይ ግን የሚፈሰው ቀድሞ የተመረተ ሆርሞን ስለሆነ እነዚህ አይጠቅሙም፤ የሕመም ማስታገሻ፣ ሲከፋም ፕሬድኒሶሎን ይታዘዛል። የታይሮይድ ሕመም ያለበት ሰው በዚህ ምክንያት ክትባት እንዲተው አይመከርም። አድሬናሉ ሥራ ያቆመና ሃይድሮኮርቲሶን የሚወስድ ሰው ግን ከክትባት በኋላ ከተኮሰው፣ ሐኪሙ ለሕመም ቀን ባዘዘለት መሠረት መጠኑን ከፍ ማድረግ አለበት።