የወልቂጤና የቡታጅራ ምሩቃን በየትኛው መደብ ይቆጠሩ?

ዛሬ ወልቂጤ ውስጥ ስንት ነርስ፣ ስንት የሒሳብ ባለሙያ፣ ስንት የእርሻ ምሩቅ እንደሚኖር የሚነግረን የቅርብ ቆጠራ የለም። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አራተኛው ተራዝሞ፣ በሰኔ 2011 ዓ.ም. ዳግም ተላልፏል። በመካከሉ ጉብሬ ላይ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀምሯል። በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረትም ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። ቆጠራው ሲመጣ ታዲያ ከቁጥሩ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ የተማረው ሰው በየትኛው መደብ ይግባ?

ብዙ ሰው የሚያውቀው አገርኛ መደብ «ሰባ ሠላሳ» የተባለው ፖሊሲ ያመጣው ነው። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከሚገቡት 70 ከመቶው ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 ከመቶው ለማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደቡ ተወስኖ፣ ዘርፎቹ በስድስት ባንድ ተከፈሉ። ይህ ወንበር ለማደል የተሠራ ክፍፍል ነው፤ ሰው ለመቁጠር አይሆንም። ቡታጅራ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ የሚያስተምር ሰው እንውሰድ። በኬሚስትሪ ዲግሪ ይዞ፣ ቀጥሎ ፒጂዲቲ የሚባለውን የአንድ ዓመት የመምህርነት ዲፕሎማ ተምሯል። ከስድስቱ ባንዶች ለመምህርነት የተለየ አንድም ስለሌለ የሚቆጠረው በተፈጥሮ ሳይንስ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2013 ባጸደቀው ምደባ ግን ከአሥራ አንዱ ሰፋፊ መስኮች አንዱ የመምህርነት ሥልጠናን የሚይዘው የትምህርት መስክ ነው፤ የመጨረሻ ዲፕሎማው ከታየ ያው ሰው እዚያ ይገባል። የመምህር እጥረትን የሚያሰላ ባለሙያ በየትኛው እንደተቆጠረ ካላወቀ ስሌቱ ይፋለስበታል።

የዩኔስኮውም ቢሆን አሥራ አንዱ ሰፋፊ መስክ ላይ ከቆመ አይበጅም። «ቢዝነስ፣ አስተዳደርና ሕግ» በሚለው ሥር የሕግ ምሩቁ፣ የሒሳብ ባለሙያውና ጽሕፈት የተማረችው አንድ ላይ ይደመራሉ። ወልቂጤ ስንት የሕግ ምሩቅ እንዳላት ለማወቅ ወደ 80 ወደሚጠጉት ዝርዝር መስኮች መውረድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሰውየው የተማረው ራሱ እንደተናገረው ይጻፍ፤ ኮዱን በኋላ የሠለጠነ ሰው ይስጠው። ንግድ በበረታባቸው የጉራጌ ከተሞች ይህ ግድ ነው፤ አካውንቲንግ ተምሮ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጠውን ወጣት ሱቁ ደጃፍ ያገኘ ቆጣሪ «ንግድ» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ሥራው ራሱን የቻለ ጥያቄ አለው፤ የትምህርት መስክ የሚለየው በተማረው ይዘት ነው።

ዩኒቨርሲቲዎች ምሩቃናቸውን በዘርፍ ያውቃሉ፣ ለምን እንደገና ይጠየቃል የሚሉ አሉ። ከአንድ ከተማ የተመረቀና በከተማዋ የሚኖር ግን አንድ አይደለም። ለወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር በመሆኑ ከየክልሉ የመጡት ተመርቀው ይሄዳሉ፤ የጉራጌ ልጅም ሌላ ቦታ ተምሮ አዲስ አበባ ይሠራል። የሥራ ኃይል ጥናት ይበቃል የሚለው መከራከሪያ ይበረታል፤ ጥናቱ ስለ ሥልጠና ይጠይቃልና። ናሙናው ግን ክልልን እንጂ ቡታጅራን የሚያህል ከተማ ለይቶ ለማሳየት አይበቃም። ወጪውም እውነተኛ ሥጋት ነው፤ አንዲት ጥያቄ በሚሊዮኖች ቤተሰብ ስትባዛ ትከብዳለች። መላው ግን በ1999ኙ ቆጠራ ታይቷል፤ ከአምስት ቤተሰብ አንዱ ረጅሙን መጠይቅ፣ የቀሩት አጭሩን ሞልተዋል። የትምህርት መስክ ጥያቄ ቦታው ረጅሙ መጠይቅ ላይ ነው፤ የሚጠየቀውም ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የተማረ ብቻ ይሁን። ለአራተኛው ቆጠራ የታሰበው ታብሌት ላይ ደግሞ በምርጫ ዝርዝር ፈንታ መልሱ የሚጻፍበት ክፍት ቦታ ይኑር፤ ይህ መወሰን ያለበት ቆጣሪዎች ሥልጠና ከመግባታቸው በፊት ነው።