የሕግ ተማሪና ዋቢው

በቀድሞው የአገራችን ሙግት ተከራካሪ ከዳኛ ፊት ሲቆም ዋስ ይጠየቅ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ቃሉ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን፥ ከኋላው የሚቆምለት ሰው ካልጠራ ነገሩ አይጸናለትም። ዛሬ በመጻሕፍት መጨረሻ ላይ «ዋቢ መጻሕፍት» እያልን የምንጽፈው ቃል የዚያው የዋስትናው ነገር ዘመድ ነው። ዋቢ የሚጠራ ጸሐፊ «ይህን ያልሁት ከልቤ አፍልቄ አይደለም፤ የሚጠራጠር ቢኖር ሄዶ ይጠይቀው» ማለቱ ነው።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በየዩኒቨርሲቲው የንግድ ሕግ የሚማሩ ወጣቶች፥ እንዲሁም ቀን በመሥሪያ ቤት ውለው ማታ ወደ ትምህርት የሚሄዱ ሹማምንት በየጊዜው ጽሑፍ እንዲያቀርቡ ይታዘዛሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ የግርጌ ማስታወሻን ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ለጌጥ እንደሚንጠለጠል ዘርፍ ይቈጥሩታል። አስተማሪው ስለ ጠየቀ ብቻ ይደረጋል፤ ካልተጠየቀ ይቀራል። በሌላው የትምህርት ዓይነት ይህ አስተሳሰብ ምን ያህል እንደሚጎዳ የዚያው ትምህርት ሊቃውንት ይናገሩ። በሕግ ግን ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው። አንድ የሕግ ቃል የሚያስገድደው ደኅና ሆኖ ስለ ተነገረ ሳይሆን ማን፥ መቼ፥ በየትኛው አዋጅ እንዳወጣውና እስከ ዛሬም የጸና ስለ መሆኑ ነው። አድራሻ የሌለው ሕግ ወሬ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ጥያቄ እንመልከት። አንድ ባለ ሱቅ ሸሪክ ሳይጨምር ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ይችላልን? ለንግድ ሕግ ተማሪ ከዚህ የበለጠ የተለመደ ጥያቄ የለም።

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የንግድ ሕግ፥ ፈረንሳዊው ሊቅ ፕሮፌሰር ዣን ኤስካራ ጀምረውት፥ እርሳቸው ሲሞቱ ፕሮፌሰር አልፍሬድ ዦፍሬ የፈጸሙት ረቂቅ ነበር። በዚህ ሕግ አንቀጽ 510 መሠረት የዚህ ዓይነት ማኅበር አባሎች ከሁለት ሊያንሱ፥ ከኃምሳም ሊበልጡ አይችሉም ነበር። ስለዚህ ብቻውን ለመነገድ የሚፈልግ ሰው የሚስቱን ወይም የወንድሙን ስም በወረቀት ላይ ያስገባ ነበር። ሚስቲቱ ስለ ሱቁ ምንም ሳታውቅ ባለ ድርሻ ሆና ትቀመጣለች፤ ጠብ በተነሣ ጊዜ ግን ወረቀቱ እውነተኛ ይሆንና ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ያመራል። ከስድሳ ዓመት በኋላ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243 ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ፈቀደ።

እንግዲህ ከእርሱ በፊት ያለፈ ተማሪ በ2010 ዓ.ም. ያቀረበውን ጽሑፍ ከጓደኛ ተውሶ የሚገለብጠው ወጣት ምን ይጽፋል? «አይችልም» ብሎ ይጽፋል፤ አንቀጽ 510ንም ይጠቅሳል። ጥቅሱ የፈጠራ አይደለም፤ ቁጥሩም ትክክል ነው። ነገር ግን የሞተ ሕግ ነው። አስተማሪው በአንድ ዓይን ጥቅሻ ያውቀዋል። ይኸው ወጣት ነገ በአንድ መሥሪያ ቤት የሕግ አማካሪ ሆኖ ይህንኑ ቢደግመው ግን የሚታረመው በቀይ እርሳስ አይሆንም፤ ባለ ሱቁ የማያስፈልገውን ሸሪክ ይዞ ይኖራል።

«እንግዲያስ አሮጌው ሕግ ተሽሯል» ብሎ የሚደመድምም እንዲሁ ይሳሳታል። አዲሱ አዋጅ የተካው ስለ ነጋዴዎች፥ ስለ ንግድ ማኅበሮችና ስለ መክሰር የሚናገሩትን መጻሕፍት ነው። ስለ ማመላለስና ስለ ኢንሹራንስ፥ ስለ ሐዋላ ወረቀት፥ ስለ ቼክና ስለ ባንክ ሥራ የሚናገሩት ሦስተኛውና አራተኛው መጽሐፍ ከ1952ቱ ሕግ እንደ ጸኑ ቀርተዋል። ስለ ቼክ የሚጽፍ ተማሪ ወደ አሮጌው፥ ስለ አክሲዮን ማኅበር የሚጽፍ ወደ አዲሱ መሄድ አለበት። ስለሆነም «በንግድ ሕጉ አንቀጽ ይህን ያህል» ብሎ ዓመቱን መተው፥ «ጎጃም በረንዳ ያለው ሰውዬ ነገረኝ» እንደ ማለት ነው።

የዘመን አቈጣጠራችንም ለጥንቃቄ ይጋብዛል። ያው አንድ አዋጅ በአማርኛው 1243/2013፥ በእንግሊዝኛው 1243/2021 ተብሎ ይጻፋል። ከሁለት ቦታ የቃረመ ተማሪ ሁለት ሕጎች መስለውት ሁለቱንም ሲደረድር አስተማሪው ጽሑፉ እንዴት እንደ ተሠራ ይረዳል። በዚያው ዓመት የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ደግሞ ቁጥሩ 1234 ነው፤ እጅ ቸኩሎ ሁለት አኃዝ ቢያዛውር አንባቢው ነጋዴ ፍለጋ ሄዶ ዳኛ ያገኛል።

ቋንቋውም ቢሆን አይረሳ። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው የ1987 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 3 በአማርኛውና በእንግሊዝኛው መካከል ልዩነት ቢገኝ አማርኛው የበላይ እንዲሆን ወስኗል። የእንግሊዝኛውን ገጽ አንብቦ ራሱ ተርጕሞ በትእምርተ ጥቅስ የሚያስቀምጥ ሰው ሕግ አውጪው ያላለውን ቃል በሕግ አውጪው አፍ ያስገባል። የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔም እንዲሁ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454፥ ከአምስት ያላነሱ ዳኞች ተቀምጠው የሰጡት የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች እንዲያስገድድ አደረገ፤ የ2013ቱም አዋጅ ደንቡን ጠብቆታል። ስለዚህ የመዝገቡ ቁጥርና ውሳኔው የታተመበት ቅጽ ሳይጻፍ «ሰበር ወስኗል» ማለት አንባቢን ማስጨነቅ ነው።

አንዳንድ ተማሪዎች «የሕግ ጽሑፍ ባለቤት የለውም፤ ብገለብጠው ማን ይከሰኛል?» ሲሉ ሰምተናል። ግማሹ እውነት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የሕግ ጽሑፎችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓቸዋል። የሊቃውንትን መጽሐፍም ቢሆን ምንጩና የደራሲው ስም እስከ ተጠቀሰ ድረስ በአግባቡና በመጠኑ መጥቀስን አይከለክልም። ነገር ግን የክስ ነገር ሌላ፥ የታማኝነት ነገር ሌላ ነው። አስተማሪው ማርክ የሚሰጠው ሐሳቡ የማን እንደ ሆነ አምኖ ነው። ጥቂት ቃላት ለዋውጦ፥ «ስለዚህ» የነበረውን «በመሆኑም» አድርጎ ማቅረብ የሰውን ኮት አዝራሩን ቀይሮ እንደ መልበስ ያለ ነው፤ ባለቤቱ በመንገድ ሲያየው ያውቀዋል። ዋቢ መጥራት ከባሕር ማዶ የመጣ ሥርዓት ነው የሚሉም አሉ። የአንድምታ መምህሮቻችን ግን የመጽሐፍ ቃል ጠቅሰው «እንዲል» ሳይሉ አያልፉም ነበር፤ ሁለት ትርጓሜ ሲኖርም «አንድም» ብለው ሁለቱንም ያስቀምጣሉ እንጂ የሌላውን ወስደው የራሳቸው አያደርጉም።

በዩኒቨርሲቲዎች አካባቢ በየግንቡና በየምሰሶው «ጽሑፍ እንሠራለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ማየት የተለመደ ሆኗል። ከዚያ የሚገዛው ቢያንስ የተጻፈው በሰው ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ለጠየቁት ሁሉ መልስ የሚያቀናብር የኮምፒውተር ፕሮግራም መጥቷል። በ2015 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከአንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት የቀረቡ ጠበቆች አየር መንገድ ሲከሱ ቻትጂፒቲ የሰጣቸውን ስድስት የሚሆኑ የቀድሞ ፍርዶች ጠቀሱ። ተቃራኒው ወገን ቢፈልግ ቢያስፈልግ አጣቸው። ፍርድ ቤቱ «ፍርዶቹን አቅርቡ» ባለ ጊዜም ያቀረቡት ጽሑፍ ከዚያው ፕሮግራም የወጣ ሆኖ ተገኘ። ዳኛው ጠበቆቹንና ቢሮአቸውን 5,000 ዶላር ቀጡ። ተጠርቶ የማይመጣ ዋቢ ይሏል ይህ ነው። እኛ በፕሮግራሙ መጠቀምን ሁሉ አንነቅፍም፤ መንገድ ቢያመላክት መልካም ነው። ነገር ግን ያመለከተውን ስፍራ ተማሪው ራሱ ሄዶ ካላየው በስተቀር በግርጌው ሊጽፈው አይገባም።

ይህም የሚከብደው በመጨረሻው ሌሊት ለሚጀምር ብቻ ነው። ሲያነብ የመጽሐፉን ገጽ ወዲያው ከማስታወሻው አጠገብ የሚጽፍ፥ የሰውን ቃል ከራሱ አሳብ በጥቅስ የሚለይ ተማሪ፥ ኋላ የሚቀረው ነጋሪት ጋዜጣውን ከፍቶ አንቀጾቹን አንድ በአንድ ማመሳከር ነው። በጓደኛ ቢያስነብበው ደግሞ የበለጠ ነው፤ ሌላ ዓይን 1234ን ከ1243 ቶሎ ይለያል።