ብልጭታው አያታልላችሁ

በልጅነታችን አያታችን በሙዳያቸው የሚያኖሩት አንድ የማሪያ ቴሬዛ ብር ነበራቸው። ለበዓል እንዲያምርላቸው ብለን በአመድና በሎሚ ፈትገን አብለጨለጭነው፤ እርሳቸውም መረቁን። ከብዙ ዘመን በኋላ ብሩን ለአንድ ዐዋቂ ብናሳየው፣ «ይህን ማን ፈተገው?» ሲል ጠየቀን። ምርቃቱ ለእኛ ቀረ፤ የብሩ ዋጋ ግን ያን ዕለት ጐድሎ ኖሯል።

ይህን ማንሣታችን፣ የተወለወለ አሮጌ ብር ይዘው «ፕሩፍ የሚባለው ልዩ ሥራ ነው» በማለት በውድ ዋጋ የሚሸጡ ሰዎች ስለማይታጡ ነው።

በብሩ ላይ የተጻፈው ዓመት ለመለየት አይረዳንም። ንግሥቲቱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1780 ዓ.ም. ካረፉ ወዲህ የተቀረፀውም ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ይወጣል። የቪየናው ገንዘብ መቅረጫ ቤት ዛሬም በፕሩፍና በተራ አሠራር ይቀርፀዋል።

ፕሩፍ የአሠራር ስም ነው እንጂ የንጽሕና ማዕርግ አይደለም። የሚመታበት የብረት ማኅተምና የሚመታው ብር አስቀድመው ይወለወላሉ፤ ከዚያም በከባድ ኃይል ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተመትቶ አንድ በአንድ በጥንቃቄ ይነሣል። ስለዚህ ባዶው ገጽ እንደ መስተዋት ፊትን ያሳያል፤ የንግሥቲቱ ምስል ግን ብዙውን ጊዜ ውርጭ እንደ ነካው ነጣ ብሎ ይታያል። ክፈፉና ፊደላቱም ጥርት ያሉ ናቸው።

ሁለተኛው፣ በተራ አሠራር ተመትቶ ገና በገበያ ያልዞረው ብር ነው። ከሌሎች ጋር እየተጋጨ በከረጢት ስለሚከማች፣ ማንም ሳይገበያይበት ጥቃቅን ጭረት ሊገኝበት ይችላል። በመብራት ሥር ቀስ ብላችሁ ብታዘነብሉት ግን፣ ከመካከል ወደ ዳር የተዘረጋ ጨረር በገጹ ላይ ሲዞር ታያላችሁ። ይህም ብሩ ሲመታ ወደ ዳር በመፍሰሱ ከቀሩት ረቂቅ መስመሮች የሚመጣ ነው።

ሦስተኛው አታላዩ ነው። ብልጭታው በምስሉም በባዶውም ገጽ አንድ ዓይነት ሲሆን፣ የሚዞር ጨረር የለውም። በማጉያ መነጽር ሲመረመር ቀጫጭን የፍትጊያ መስመሮች፣ በፊደላቱም ሥር ጥቁር እድፍ ይገኝበታል። የቀድሞ ነጋዴዎቻችን ብር ሲቀበሉ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን የጌጥ እንቍ አስተውለው ይመለከቱ ነበር። እኛም እዚያው እንመልከት፤ እንቍው ተልጦ ከጠፋ፣ ብሩ ምንም ቢያበራ በብዙ እጅ ያለፈ ነው።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፣ ከወላጆቻችሁ የቀረ ብር ቢኖራችሁ ክፈፉን ብቻ ይዛችሁ አንሡት፤ በደረቅ ስፍራም አስቀምጡት። ቢጠቍርም አትፈትጉት። ጥቍረቱ የዕድሜው ምስክር ነው፤ በፍትጊያ የተወሰደውን ገጽ ግን የሚመልስ አንጥረኛ የለም።

የአያታችን ብር ዛሬም ከእኛ ዘንድ አለ። ሊገዛው የሚሻ ብዙ ባይኖርም፣ እኛም የምንሸጠው አይደለም።