ማሳዳ፦ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው ሰዓት

ለፋሲካ ከኢትዮጵያ የሚመጡ ተሳላሚዎች ኢየሩሳሌምን ተሳልመው፣ ዮርዳኖስ ወርደው፣ ኢያሪኮን አይተው፣ ሙት ባሕር ላይ ተንሳፍፈው ይመለሳሉ። ከሙት ባሕር ዳር ወደ ደቡብ ትንሽ ቢገፉ ማሳዳን ያገኙ ነበር። ማሳዳን ለሀበሻ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ አምባ ነው። አናቱ ሜዳ፣ ዙሪያው ገደል፣ መውጫው በጣት የሚቆጠር። ሰሜንን ወይም ወሎን ያየ ሰው ገና ከሩቅ ያውቀዋል። የሚለየው የቆመበት ቦታ ነው። የሙት ባሕር ዳርቻ ከየብስ ሁሉ ዝቅተኛው ነው፤ ውኃው ከባሕር ወለል በታች ከ430 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ አሁንም በየዓመቱ አንድ ሜትር ያህል እየሸሸ ነው። ማሳዳ ከዚህ ውኃ በላይ ወደ 500 ሜትር ተገትሮ ሳለ፣ አናቱ ላይ ስትደርሱ ከባሕር ወለል ከፍ የምትሉት 60 ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

የምኖረው በርሼቫ ነው። እንግዳ ሲመጣ ወይም ልጆቼ ትምህርት ሲዘጉ ሌሊት ተነስተን ማሳዳ እንወጣለን፤ የፀሐይዋን መውጫ ለማየት። ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ግን የፀሐይዋ ውበት አይደለም፤ እሱን ፎቶግራፉም ያሳያል። ያነሳሳኝ፣ ያን ሁሉ ዳገት በጨለማ የወጣው ሰው ፀሐይዋ ብቅ እንዳለች ተመልሶ መውረዱ ነው። የማሳዳ ትልቁ ነገር የሚታየው ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ነው።

መውጫው ሁለት ነው። በምሥራቅ፣ በሙት ባሕር በኩል፣ የእባብ መንገድ የሚሉት አለ። እየተጠማዘዘ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ 350 ሜትር ያህል ሽቅብ ያስወጣል። ጤነኛ ሰው በ45 ደቂቃ፣ ቢዘገይ ከአንድ ሰዓት ትንሽ አልፎ ይደርሳል። ኬብል ካር አለ፤ ሥራ የሚጀምረው ግን ፀሐይ ከወጣች በኋላ ስለሆነ ጎህ ሲቀድ እዚያ መገኘት የፈለገ በእግሩ መውጣት አለበት። ፓርኩ በሩን የሚከፍተው ፀሐይ ከመውጣቷ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ሙቀት በሚያይልበት ቀን ደግሞ ረፋዱ ላይ የእግር መንገዱን ይዘጋል፤ በዚያ ሐሩር ዳገት ላይ መገኘት ሰው ይጥላልና። ሁለተኛው መውጫ በምዕራብ፣ በዓራድ ከተማ በኩል ነው። እሱ አጭር ነው፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቢወስድ ነው። ሁለቱን በቀጥታ የሚያገናኝ የመኪና መንገድ ስለሌለ በየት እንደምትወጡ ቀድማችሁ ቁረጡ።

በሐምሌና በነሐሴ፣ አገር ቤት ዝናብ ሲያንዶቅዶቅ፣ እዚህ ገና ሳይነጋ ላብ ያሰምጣል። ዓለቱ የትናንቱን ሙቀት አልለቀቀም፤ ለመደገፍ እጃችሁን ስታሳርፉበት ይሞቃል። ከፊትም ከኋላም የእጅ ባትሪዎች በተርታ ይንቀሳቀሳሉ፤ የሚሰማው የጠጠር ኮሽታና የሰው ትንፋሽ ነው። እኩሌታው ላይ ስትደርሱ ምሥራቁ ይገረጣል። ከባሕሩ ማዶ፣ ዮርዳኖስ አገር፣ የሞዓብ ተራሮች ጠርዝ ጥቁር መስመር ሆኖ ይለያል። ያኔ ባትሪውን ማጥፋት ነው፤ ዓይን ጨለማውን ከለመደ መንገዱ በራሱ ይታያል።

ከባሕሩ የሚተነው እንፋሎት አየሩን ስለሚያጨግገው ፀሐይዋ ብዙ ጊዜ ቀልታ ነው የምትወጣው። የሚዘምር አለ፤ የጠዋት ጸሎቱን የሚያደርስ አለ፤ ስልኩን ያልዘረጋ ግን አይገኝም። በግማሽ ሰዓት ውስጥ አብዛኛው ሰው ቁልቁለቱን ይዟል።

እናንተ አትውረዱ። ምሥራቁ ጠርዝ ላይ ቁሙና ቁልቁል ወደ ሜዳው እዩ። ብርሃኑ አግድም ስለሚመጣ፣ ከመሬት ጉልበት ያህል ከፍ ያለ የድንጋይ ካብ ሁሉ ረጅም ጥላ ይጥላል። ያን ጊዜ ከአምባው ሥር አራት ማዕዘን ቅጥሮች ብቅ ይላሉ፤ በር ያላቸው፣ ውስጣቸው በረድፍ የተከፋፈለ። የሮማ ወታደሮች ሰፈሮች ናቸው። በዙሪያው ስምንት አሉ፤ ከ4 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የከበባ ግንብ ያያይዛቸዋል። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ጥላው ይጠፋል፤ ድንጋዩና መሬቱ ቀለማቸው አንድ ስለሆነ ቅጥሩም ከዓይን ይሰወራል። በኬብል ካር አርፍደው የሚመጡ ጎብኚዎች ይህን እንደ ጠዋቱ አጥርተው አያዩትም። በረሃ ስለሆነ ያረሰበት የለም፣ ድንጋዩን ለቤት የወሰደም እምብዛም የለም፤ ሮማውያን ሠርተው የተዉት ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ እንዳለ አለ።

አምባውን ቤተ መንግሥት ያደረገው ንጉሥ ሄሮድስ ነው። የሰሜኑን ገደል በሦስት ደረጃ ጠርቦ፣ አንዱን ከአንዱ በታች አንጠልጥሎ ሠራው። እ.ኤ.አ. በ66 አይሁድ በሮማ ላይ ሲያምፁ አማፅያን ያዙት። በ70 ኢየሩሳሌም ወድቃ ቤተ መቅደሱ ሲቃጠል ከነቤተሰባቸው እዚህ የቆዩት ከመጨረሻዎቹ ነበሩ። በ73 ወይም በ74 የሮማው አዛዥ ፍላቪዮስ ሲልቫ አሥረኛውን ሌጌዎን ይዞ መጥቶ ከበባቸው።

አሁን አምባውን አቋርጡና ወደ ምዕራቡ ጠርዝ ሂዱ። ስፋቱ 300 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሩቅ አይደለም። እዚያ ገና አልነጋም፤ የማሳዳ ጥላ ምዕራቡን ጎን ሸፍኖታል። ጥላው ቀስ እያለ ሲሰበሰብ ከሥራችሁ ወደ ገደሉ ሽቅብ የሚወጣ ነጭ የአፈር ጀርባ ይታያል። ሲልቫ ግንብ መስበሪያውን የጎተተበት መወጣጫ ነው። አብዛኛው አካሉ ተፈጥሮ የሠራው የኖራ ድንጋይ ጉብታ መሆኑን የሥነ ምድር ባለሙያዎች አሳይተዋል፤ ሮማውያን በላዩ አፈር፣ ድንጋይና እንጨት ጨምረው አደላደሉት። እንጨቱ ዛሬም ከጎኑ አፈጥጦ ይታያል። የዓራዱ መንገድ የሚወጣው በዚሁ መወጣጫ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የጻፈልን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በሮማ ተጠግቶ የኖረው አይሁዳዊ የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ። በግእዝ መጻሕፍት ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ተብሎ የሚታወቀው ዜና አይሁድም ምንጩ ወደዚሁ ሰው ታሪክ ይደርሳል። እንደ ዮሴፍ አጻጻፍ፣ መሪያቸው አልዓዛር ቤን ያኢር ባሪያ ከመሆን ሞት ይሻላል አላቸው፤ ወንዶቹ ሚስትና ልጆቻቸውን፣ ከዚያም በዕጣ እርስ በርሳቸው ተገዳደሉ። የሞቱት 960 ናቸው ይላል። የአርኪኦሎጂ ባለሙያው ይጋኤል ያዲን እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1965 ሲቆፍር ስም የተጻፈባቸው ትናንሽ የሸክላ ስባሪዎች አግኝቷል፤ አንደኛው ላይ ቤን ያኢር የሚል አለበት። የተገኘው አፅም ግን 30 አይሞላም፤ ብዙ ተመራማሪዎችም ታሪኩ እንደተጻፈ መሆኑን ይጠራጠራሉ። እኔም ዮሴፍን ሙሉ በሙሉ አላምነውም። ከበባው መካሄዱን ግን ከሥር ያለው ድንጋይ ይመሰክራል።

እናቴን በዓራድ በኩል ይዣት ወጥቼ ይህን ሁሉ በአማርኛ ስነግራት ዝም ብላ አዳመጠችና፣ «የተረፈ የለም?» አለች። ሁለት ሴቶችና አምስት ልጆች ከመሬት በታች በውኃ መሄጃ ውስጥ ተደብቀው ተርፈዋል፤ ለሮማውያን የተናገሩትም እነሱ ናቸው አልኳት። «ታዲያ ልጄ፣ ስለ ሞቱት ብቻ ለምን ታወራለህ? እነዚያ ባይተርፉ ማን ያወራልን ነበር?» አለች። ከዚያ ወዲህ ለእንግዳ ስተርክ ከሁለቱ ሴቶች እጀምራለሁ።

እናቴ የጎንደር ሰው ናት። የእኛ ሰዎች፣ ቤተ እስራኤል፣ የራሳችን አምባ አለን። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ዓፄ ሠርፀ ድንግል ሰሜን ዘምቶ አምባቸውን ሲይዝ ገደል የገቡ እንደነበሩ የጻፈው የንጉሡ የራሱ ዜና መዋዕል ነው። ከማራኪዋ ጋር እጅ ለእጅ የታሰረች አንዲት ሴት ገደል አፋፍ ስትደርስ የአምላኳን ስም ጠርታ እሱንም ይዛ መውረዷን ይተርካል። ማሳዳንም ሰሜንንም የጻፈው ከአሸናፊው ወገን የቆመ ሰው ነው፤ ሆኖም የተሸነፈውን ሰው ድፍረት ሳይጽፍ አላለፈም። ይህን ታሪክ እዚህ አገር የተወለዱ ልጆቻችን አያውቁትም፤ ማሳዳን በትምህርት ቤት ሲማሩ የሰሜኑንም አብረው ቢሰሙ እወዳለሁ።

ፀሐይዋ ጠንከር ሳትል ውኃ ማጠራቀሚያዎቹን እዩ። በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ በሚዘንብበት ምድር ሄሮድስ ከአምባው ግራና ቀኝ ያሉትን ደረቅ ሸለቆዎች አስገድቦ፣ ጎርፉን በቦይ መርቶ፣ በሰሜን ምዕራቡ ገደል ወገብ በተጠረቡ 12 ጉድጓዶች ያስገባው ነበር። በድምሩ 40,000 ሜትር ኩብ ያህል ይይዛሉ። ከዚያ ወደ አናቱ ውኃው በሰውና በእንስሳ ጀርባ ይጋዝ ነበር። እንስራ ተሸክማ ዳገት የወጣች እናት ያላት ሰው ይህን ሲሰማ ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ ውኃው የተጋዘበት ዳገት ያስገርመዋል።

ግንቦቹ ላይ ጥቁር መስመር ታያላችሁ፤ ከመስመሩ በታች ያለው ጥንት እንደነበረ የተገኘ ነው፣ በላዩ ያለው የተጠገነ። ክንፋቸው ውስጥ ብርቱካንማ ቀለም ያላቸው ጥቁር ወፎች ፍርፋሪ ፍለጋ እግራችሁ ሥር ይመጣሉ፤ የቅርብ ዘመዶቻቸው በኢትዮጵያ ገደሎች ይኖራሉ። በቁፋሮው ከወጣው መካከል የተምር ፍሬ ነበረበት። ወደ 2,000 ዓመት የሚጠጋው አንዱ እ.ኤ.አ. በ2005 ተተክሎ በቀለ፤ ማቱሳላ አሉት። ወንድ ስለሆነ አያፈራም፤ ነገር ግን ከሌላ ጥንታዊ ፍሬ የበቀለችው ሴት ተምር በእሱ ብናኝ በ2020 አፍርታለች።

ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3 ሊትር ውኃ፣ ባርኔጣና የሚጨብጥ ጫማ አትርሱ። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ንፋሱ ግን ይበርዳልና ጋቢ ወይም ጃኬት ያዙ። ጉልበት ያላችሁ በእባብ መንገድ ውጡ። ወላጆቻችሁ ከእናንተ ጋር ካሉ ግን በዓራድ በኩል ይዛችኋቸው ሂዱ፤ ስለ አምባ የሚያውቁትን እዚያው እያሉ ጠይቋቸው።