በስልክ መሥመር የሚላክ መልእክት ከጉዞው በፊት ዝግጅት ይጠይቃል
አሮጌ ኮምፒዩተርና ሞደም በገጠር ሥራ ላይ የሰጡት አገልግሎት ለዛሬም ትምህርት አለው

ለአንድ ቀበሌ ገበሬዎች ከምርጥ ዘርና ከማዳበሪያ ባልተናነሰ ሁኔታ የሚያስፈልጋቸው ነገር ቢኖር፣ በጊዜው ተልኮ በጊዜው መልስ የሚያገኝ መልእክት ነው። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻና በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ በስንዴ ላይ የተነሣው ቢጫ ዋግ በነፋስ እየተጫነ ከማሳ ወደ ማሳ ሲዛመት ምን ያህል ጉዳት እንዳደረሰ የስንዴ አምራች አካባቢዎች ገበሬዎች የሚዘነጉት አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ወደ አገራችን የገባው የበረሃ አንበጣም እንዲሁ ነበር። የአንበጣ መንጋ ነፋስ ሲረዳው በአንድ ቀን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ስለሚችል፣ በሰው እጅ የተላከ ወረቀት ዞን ሳይደርስ መንጋው ሌላ ወረዳ ገብቶ ያድራል።

በመሆኑም ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው። ይኸውም ወደ ገጠር የወጣ የልማት ሠራተኛ ያየውን ነገር ካለበት ቦታ ሆኖ እንዴት አድርጎ በፍጥነት ያስተላልፋል? የሚለው ነው። ሞባይል ስልክ ገጠሩን ከማዳረሱ በፊት ለዚህ ጥያቄ ከተገኙት መልሶች አንዱ አሮጌም ቢሆን አንድ ኮምፒዩተር ይዞ፣ ከስልክ መሥመር ጋር አገናኝቶ፣ በመደወል ኢንተርኔት ውስጥ መግባት ነበር። ይህ አሠራር ዛሬ ሥፍራውን ለሞባይል ቢለቅም፣ ያስተማረው የዝግጅትና የቁጠባ ዘዴ ግን አላረጀም። ስለዚህ የቀበሌ ገበሬ ማኅበራት መሪዎች ቢያውቁት ይጠቅማል በሚል ከዚህ በታች ቀርቧል።

አገልግሎቱ ወደ አገራችን እንዴት ገባ

በኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት በይፋ የተጀመረው በጥር 1989 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997) ሲሆን፣ አገልግሎቱን የጀመረው በጊዜው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ነው። ደንበኛው የሚገናኘውም በተራ የስልክ መሥመር በመደወል ነበር።

ከዚያ ቀደም ብሎ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በአዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የተባለው ክፍል የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ አገልግሎት ይሰጥ ነበር። አሠራሩም ቀላል ነበር። ተጠቃሚው ደብዳቤውን በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ጽፎ ካበቃ በኋላ ይደውላል፤ የጻፈውን ይልካል፤ የመጣለትን ይቀበላል፤ ወዲያው ስልኩን ይዘጋል። ደብዳቤዎቹም ተጠራቅመው በአንድነት ወደ ውጭ አገር ይተላለፉ ነበር። ይህም ገበሬዎች ምርታቸውን በየግል በአህያ ከማመላለስ ይልቅ አሰባስበው በአንድ የጭነት መኪና ገበያ እንደሚያደርሱት ያለ ዘዴ ነው።

ሞደም ምን ይሠራል

የስልክ መሥመር የተዘረጋው ለሰው ድምፅ ነው። የሚያሳልፈውም በአንድ ሴኮንድ ከ300 እስከ 3,400 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ብቻ ነው። ኮምፒዩተር ግን የሚያውቀው ዜሮንና አንድን ነው። ሞደም የተባለው ትንሽ መሣሪያ በሁለቱ መካከል አስተርጓሚ ሆኖ ይቆማል። የኮምፒዩተሩን ቁጥሮች ወደ ድምፅ ለውጦ በመሥመሩ ላይ ይሰዳል፤ በሌላው ጫፍ ያለው ሞደም ደግሞ ድምፁን መልሶ ወደ ቁጥር ይለውጣል።

ሞደሙ ሲደውል የሚሰማው የፉጨትና የሻሻታ ድምፅ ሁለቱ መሣሪያዎች የሚነጋገሩበት ነው። በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሠሩ የሚስማሙት በዚህ ጊዜ ነው። መሥመሩ ጥሩ ከሆነ ከፍ ባለ ፍጥነት ይስማማሉ፤ መሥመሩ ጫጫታ ያለበት ከሆነ ዝቅ ብለው ይስማማሉ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 የነበሩ ጥሩ ሞደሞች በሴኮንድ እስከ 33,600 ቢት ያሳልፉ ነበር። በ1998 የወጣው ደንብ ደግሞ ወደ ተጠቃሚው የሚመጣውን እስከ 56,000 ቢት አደረሰው። በረጅም የገጠር መሥመር ላይ ግን ይህን ያህል ፍጥነት መጠበቅ አይገባም።

ከጉዞው በፊት የሚደረግ ዝግጅት

የመስክ ሠራተኛው ሥራ የሚቃናው ወይም የሚበላሸው ከከተማ ሳይወጣ ነው። ወረዳ ከተደረሰ በኋላ የጎደለ ገመድ ተፈልጎ አይገኝም። ስለዚህ የሚከተሉት ነገሮች ተራ በተራ መታየት አለባቸው።

በመጀመሪያ ደውሎ የሚቀበል ወገን መኖሩ ይረጋገጣል። በሌላው ጫፍ የሚያነሣ ሞደም ከሌለ የመንገደኛው ሞደም ብቻውን ምንም አይረባም። በዓለም ላይ ብዙ ድርጅቶች ይህን አገልግሎት አቁመዋል። ለምሳሌ በአሜሪካ ስመ ጥር የነበረው አኦል የተባለው ኩባንያ በደወል የሚሰጠውን ኢንተርኔት የዘጋው መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ሆኖም ኢንተርኔት ባይኖርም፣ በዞን መሥሪያ ቤት አንድ ሞደም ያለው ኮምፒዩተር ካለ፣ አንዱ ለሌላው ደውሎ ጽሑፍ ማስተላለፍ ይችላል።

ሁለተኛ፣ የሚደወልበት ቁጥር፣ የተጠቃሚው ስምና የይለፍ ቃሉ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በወረቀትም ላይ መጻፍ አለባቸው። ወረቀቱ ከመሣሪያው ተለይቶ በሌላ ኪስ ይቀመጣል።

ሦስተኛ፣ የኮምፒዩተሩ ዕድሜ ይታያል። በጣም አሮጌ በሆኑት ላይ የውጭ ሞደም የሚገናኝበት ሲሪያል ፖርት በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ፊደል ብቻ ነው። ፈጣን ሞደም ቢገናኝበት ኮምፒዩተሩ አንዱን ፊደል ሳያነሣ ሌላው ስለሚደርስበት ጽሑፉ እየተቆራረጠ ይጠፋል። በኋላ የወጡት 16 ፊደል ስለሚይዙ ይህ ችግር አይደርስባቸውም። ስለሆነም በአሮጌው መሣሪያ ላይ ፍጥነቱን ወደ 9,600 ዝቅ አድርጎ መወሰን ይሻላል። በዝግታ የደረሰ ሙሉ መልእክት በፍጥነት ከደረሰ ጎዶሎ መልእክት ይበልጣልና።

አራተኛ፣ ባትሪው ይፈተሻል። የአሮጌ ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር ባትሪ ብዙውን ጊዜ የደከመ ነው። የኃይል መስጫው 220 ቮልት የሚቀበል መሆኑ መታየት አለበት። ረጅም የስልክ ገመድና መለዋወጫ ሶኬትም አብሮ ይያዛል።

በመጨረሻም ሁሉም ነገር ተገጣጥሞ ከከተማ ሳይወጣ አንድ ጊዜ ተደውሎ ይሞከራል። ያልተሞከረ መሣሪያ ይዞ መሄድ ሞፈሩን ከቀንበር ሳያገጣጥሙ በሬ ይዞ ወደ ማሳ እንደ መሄድ ነው።

ቦታው ላይ ሲደረስ

በመጀመሪያ ስልኩ ተነሥቶ በጆሮ ይደመጣል። የመደወያ ድምፁ ጥርት ያለ ከሆነ መልካም ነው፤ የሚንጫጫ ከሆነ ግን ፍጥነቱን መቀነስ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የአካባቢው የስልክ ማዞሪያ ዓይነት ይጠየቃል። አዲሱ ዓይነት በድምፅ የሚደወለውን ይቀበላል፤ አሮጌው ግን የሚሠራው ቁጥሩ በምት ሲላክለት ብቻ ነው። ለሞደሙ የሚሰጠው ትእዛዝም በዚሁ ይለያል። በእንግሊዝኛ ፊደል ኤ፣ ቲ፣ ዲ፣ ቲ ከተባለ በድምፅ ይደውላል፤ ኤ፣ ቲ፣ ዲ፣ ፒ ከተባለ ደግሞ በምት ይደውላል። መንገደኛው በመሥሪያ ቤት ወይም በሆቴል የውስጥ ስልክ የሚጠቀም ከሆነ፣ ወደ ውጭ የሚያወጣውን ቁጥር አስቀድሞ ከኋላው አንድ ነጠላ ሰረዝ ይጨምራል። ሰረዙ ሞደሙን ሁለት ሴኮንድ ያህል እንዲጠብቅ ያዘዋል።

ሞደሙ «የመደወያ ድምፅ የለም» ብሎ እምቢ የሚልበት ጊዜም አለ። ይህ የሚሆነው የአካባቢው ስልክ የሚሰጠው ድምፅ ሞደሙ ከሚያውቀው የተለየ ሲሆን ነው። ኤ፣ ቲ፣ ኤክስ 3 የሚለው ትእዛዝ ከመደወሉ በፊት ከተሰጠው ድምፁን ሳይጠብቅ ይደውላል።

ሁለት ነገሮች በተለይ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። አንደኛው የአንዳንድ ሆቴሎችና ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ዲጂታል የውስጥ ስልክ ነው። የእነዚህ መሥመር ከተራው የተለየ ኤሌክትሪክ ስላለው ሞደሙን ሊያቃጥለው ይችላል። ስለዚህ የሚመረጠው የፋክስ መሣሪያ የሚሠራበት መሥመር ነው። ሁለተኛው መብረቅ ነው። በክረምት ደመናው ሲከብድና ነጎድጓድ ሲሰማ የስልክም የመብራትም ገመድ ከመሣሪያው መነቀል አለበት።

መጻፍ ይቅደም፣ መደወል ይከተል

በስልክ የሚገኝ ኢንተርኔት የሚያስከፍለው በደቂቃ ነበር። ከዚህም በላይ ኮምፒዩተሩ በመሥመሩ ላይ እስካለ ድረስ ሌላ ሰው በዚያ ስልክ መነጋገር አይችልም። በወረዳው ያለው ስልክ አንድ ብቻ ከሆነ፣ በሽተኛ የያዘ ሰው ሊደውል መጥቶ በር ላይ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ መሥመሩ ላይ ሆኖ ምን ልጻፍ ብሎ ማሰብ የገንዘብ ብክነት ብቻ ሳይሆን ሌላውን መበደልም ነው።

ሒሳቡ እንደሚከተለው ነው። በሴኮንድ 9,600 ቢት በሚያሳልፍ መሥመር ላይ ለአንድ ምልክት አሥር ቢት ቢታሰብ በሴኮንድ 960 ምልክት ያልፋል። ዛሬ በተለመደው አጻጻፍ አንድ የአማርኛ ፊደል የሦስት ምልክት ቦታ ይይዛል። 1,500 ፊደል ያለው ሙሉ ገጽ ሪፖርት 4,500 ምልክት ስለሚሆን አምስት ሴኮንድ በማይሞላ ጊዜ ይደርሳል። ሁለት ሚሊዮን ምልክት የያዘ አንድ ፎቶግራፍ ግን በዚያው መሥመር 35 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። መሥመሩ በመካከል ቢቋረጥ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል።

ከዚህ የምንረዳው፣ መሥመሩ ጠባብ ነው ተብሎ የሚማረርበት ጊዜ ሁሉ ጥፋቱ የመሥመሩ አለመሆኑን ነው። ዋናው ነገር በጽሑፍ ከተገለጸ ጠባቡ መሥመር ይበቃል።

አሮጌ መሣሪያ የማይችለው ነገር

አሮጌ ኮምፒዩተር ደብዳቤና ጽሑፍ ለማስተላለፍ ቢያገለግልም ወሰን አለው። የዛሬዎቹ የኢንተርኔት ገጾች የሚጠቀሙበትን የምስጢር ቁልፍ የድሮ ብራውዘር ስለማያውቀው አብዛኞቹን አይከፍትም። በውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ሞታ ቀኑና ዓመተ ምሕረቱ የተዛባ ከሆነም ገጾቹ አንከፈትም ይላሉ፤ ይህ ግን ቀኑን በማስተካከል ይቃናል። የአማርኛ ፊደልም ዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደል ደንብ ውስጥ የገባው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት በተሠሩ መሣሪያዎች የተጻፈ አማርኛ በሌላው ዘንድ የማይነበብ ሆኖ ሊደርስ ይችላል። አምራቹ መጠገኑን ያቆመው አሮጌ መሣሪያ ለኮምፒዩተር ተንኮለኞችም የተጋለጠ ስለሆነ የገንዘብ ሒሳብና የባንክ ምስጢር ሊቀመጥበት አይገባም።

የማኅበር መሪዎች ምን ያደርጋሉ

ዛሬ በብዙ ቀበሌዎች መልእክት የሚተላለፈው በሞባይል ነው። በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረው 8028 የገበሬዎች የስልክ መሥመርም በተራ ስልክ ተደውሎ የግብርና ምክር የሚሰማበት አገልግሎት ሆኖ ተቋቁሟል። በ2012 ዓ.ም. ለአንበጣ ቅኝት የወጣው ኢሎከስት 3 ኤም የተባለው የሞባይል ፕሮግራምም የተመሠረተው በዚያው በጥንቱ ዘዴ ላይ ነው። ሠራተኛው ኔትወርክ በሌለበት ሜዳ ያየውን ይመዘግባል፤ ኔትወርክ ሲያገኝ ይልካል።

የማኅበር መሪዎችም ይህንኑ ዘዴ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ሊሠሩበት ይችላሉ። በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ሲይዝ፣ በአማርኛ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ተቆርሶ እንደ ሁለት ይቆጠራል። ስለዚህ ቦታው፣ ቀኑ፣ ሰብሉ፣ የታየው ችግር፣ የመሬቱ ስፋትና የሚፈለገው እርዳታ በቅደም ተከተል ይጻፋል። ለምሳሌ ያህል፦

«ደጋ ቀበሌ፣ ጥቅምት 4፣ ስንዴ፣ ቢጫ ዋግ፣ 12 ሔክታር፣ መድኃኒት የለም፣ ባለሙያ ይላክ።»

ይህ መልእክት ክፍተቱና ምልክቱ ሁሉ ተቆጥሮ 57 ነው። ወረዳ ያለው ባለሙያ ግን ለመነሣት የሚያስፈልገውን ሁሉ ያገኝበታል።

በመሆኑም በየቀበሌው ሦስት ነገሮች ቢደረጉ መልካም ነው። አንደኛ፣ የወረዳው ግብርና ባለሙያዎችና የልማት ሠራተኞች የስልክ ቁጥር በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ በወረቀት ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ሁለት ወጣቶች የሪፖርቱን ቅደም ተከተል ተምረው መልእክት የመላክ ኃላፊነት ይሰጣቸው፤ አንዱ ገበያ ቢሄድ ሌላው ይኖራል። ሦስተኛ፣ ኔትወርክ የሚያዘው በየትኛው ኮረብታ ላይ እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቅ፤ ስልኩም በበሽታና በተባይ ወራት ባትሪው ሞልቶ ይደር።

ዋግ በስንዴው ላይ ከታየ በኋላ ኮረብታ መፈለግና ስልክ ቁጥር መጠየቅ ማሳውን ለበሽታው መተው ነው። ይህ ሁሉ አሁን፣ ሰብሉ ጤነኛ ሳለ ሊዘጋጅ ይገባል።