ከቸርችል ጎዳና እስከ ጋፋት፦ የምሽት አስጎብኚ ማስታወሻ

አዲስ አበባን በምሽት የሚያስጎበኝ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት እንግዶቹን የት እንደሚያቆማቸው ነው። ቀን ቀን ሐውልት ሥር አቁሞ ማስረዳት ይቻላል። ሲመሽ ግን ፓውዛ ፊት ለፊቱ የሚበራበት ሰው ዓይኑ ይጭበረበራል፤ ስልኩን ያወጣል፤ የሚነገረውንም አይሰማም። ስለዚህ ጥላ ያለበት ጥግ ፈልጌ፣ ብርሃኑን ከጀርባችን አድርጌ አቆማቸዋለሁ። ዓይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት እንጠብቃለን። ፎቶ የሚነሣው በመጨረሻ ነው፤ ይህን ገና መኪና ውስጥ ሳለን እንስማማለን።

ከመስቀል አደባባይ ተነሥተን፣ በለገሃር አልፈን፣ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ እንወጣለን። ፒያሳ ላይ የምኒልክ ሐውልት፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልና የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተቀራርበው ይገኛሉ። ከውጭ የመጡ ወገኖቻችን መታሰቢያው በርቶ ሲያዩት ይደነቃሉ፤ ቢደነቁም አይፈረድባቸውም። እኔ ግን ፊታቸውን ወደ ፈረሰኛው ምኒልክ አዞራለሁ። ሐውልቱ በ1923 ዓ.ም. በአፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ተመረቀ፤ ጣሊያን ሲገባ ነቅሎ ደበቀው፤ ከነፃነት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። መብራቱ ፈረሱን ያሳያል፤ የተነቀለበትን ዘመን የሚያሳየው አስጎብኚው ነው።

ረጅም ጊዜ የምንቆመው ግን ፒያሳ ሳንደርስ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ነው። እዚያ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ አለ፤ አጭር፣ ወፍራም፣ አፉ የሰፋ። ብዙ ሰው በመኪና ያልፈዋል። እኔ የእብናት ልጅ ስለሆንሁ ማለፍ አይሆንልኝም። ዋናው መድፍ የተሠራው ከአገሬ ብዙ ሳይርቅ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ካለችው ጋፋት ነው። አፄ ቴዎድሮስ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች መድፍ እንዲያቀልጡ አዘዟቸው፤ የአገሬው ሠራተኛም አብሯቸው እሳቱን አነደደ። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሣ። መንገድ አልነበረም፤ ድንጋዩ እየተፈለጠ፣ ገደሉ እየተቆረጠ፣ ሰው በጠፍር እየጎተተው የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆ ተሻግሮ መቅደላ የደረሰው ከወራት በኋላ ነው። ንጉሡ ራሳቸው መንገዱን በእጃቸው ይሠሩ እንደነበር አብረው የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግስት፣ መቅደላ ላይ ሞቱ። መድፉ ዛሬም እዚያው ነው።

ይህን ስተርክ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ በምሽት ዝቅ ያለ ድምፅ ሰውን ያቀርባል። አንድ ጊዜ እዚያው ቆመን ሳለን የአካባቢው መብራት ጠፋ። የእጅ ባትሪ ይዤ ነበር፤ አላበራሁትም። እንግዶቹ ጠጋ ጠጋ አሉ፤ ወደ መኪናው እንሂድ ያለም የለም። ጨርሼ ዝም ስል፣ ጋቢ የለበሱ እናት “ልጄ፣ እኔ የጋይንት ሰው ነኝ። ጋፋትንስ ማታ የሚያሳይ ሰው አለ?” አሉኝ።

“የለም፣ እማማ” አልኋቸው።

ደብረ ታቦር መናገሻ ነበረች። የየጁ ራሶች ተቀምጠውባታል፤ ቴዎድሮስ ከትመውባታል፤ አፄ ዮሐንስም በ1872 ዓ.ም. እንግሊዛዊውን ጎርደንን የተቀበሉት እዚያው ነው። ለመናገሻነቷ የሚመጥን የምሽት ጉብኝት ይገባታል ብዬ አምናለሁ፤ ለዚህም የአዲስ አበባን ያህል አምፖል አያስፈልጋትም። የራሷ ሌሊት አላት። ነሐሴ 12 ማታ፣ የቡሄ ዋዜማ፣ በየደጁ ችቦ ይበራል። እብናት ሳለን የክረምቱ ዝናብ እንዳያበሰብሰው እንጨቱን አስቀድመን ቆጥ ላይ እናደርቀው ነበር። ሲመሽ በአንዱ ሸንተረር የጮኸ ጅራፍ ከማዶው ሸንተረር መልስ ያገኛል። ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ሙልሙል ይቀበላሉ። ችቦው በታቦር ተራራ የተገለጠው ብርሃን፣ ጅራፉም ከደመናው የተሰማው ድምፅ ምሳሌ መሆኑን ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። በዚህ ምሽት ከከተማዋ ወደ ጋፋት በችቦ የሚወጣ እንግዳ የሚያየውን የትኛውም ዋና ከተማ ሊያሳየው አይችልም።

ዛሬ በአካባቢያችን እንኳን እንግዳ፣ ባላገሩም ሲመሽ መንገድ ለመውጣት ይፈራል። ሰላም ካልመጣ ይህ ሐሳብ ወረቀት ላይ ይቀራል። ዝግጅቱ ግን እስከዚያ መቆየት የለበትም።

ስለዚህ የዞኑንና የከተማውን የባህልና ቱሪዝም ባለሙያዎች አደራ እላለሁ። ጋፋት ተወልደው ያደጉ ጥቂት ወጣቶችን ምረጡ። ከአዛውንቶቹ ጋር አስቀምጧቸው፤ የሚተርኩት ከእነርሱ አንደበት የሰሙትና ከመጽሐፍ ያመሳከሩት ይሁን። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ፓውዛ አትስቀሉ፤ እንግዳው ቅዳሴውንና ማኅሌቱን የማያውክበት፣ ከጅራፉም የሚርቅበት ቦታ ይለይለት። በማታ ሰው እንዴት እንደሚመራ ለማሠልጠን እኔ ያለ ክፍያ ለመምጣት ዝግጁ ነኝ።