የሚወልቅ ጥርስን ቆብ ማልበስ ለምን ያስፈልጋል?

በዕረፍት ቀናት ማለዳ መስቀል አደባባይ የሕፃናት መዋያ ይሆናል። ብስክሌት የሚነዱና ከወላጆቻቸው ጋር ሶምሶማ የሚሞክሩ ልጆች ከስታዲየም አቅጣጫና ከካዛንቺስ ቁልቁል እየወረዱ ይሞሉታል። በአካባቢው መንገዶች ዳር ከረሜላ፣ ብስኩትና ማስቲካ የያዙ አዟሪዎች ከመፋቂያ ሻጮች ጋር ጎን ለጎን ይታያሉ። ልጆቹ የትኛውን እንደሚመርጡ መናገር አያሻም። ከሚስቁት ሕፃናት መካከል የጠቆረ ወይም የተቦረቦረ ጥርስ ያለውን ማየትም እንግዳ ነገር አይደለም።

ለዚህ በየቤቱ የሚሰጠው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ "የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል" ይባላል። በመሆኑም ጥርሱ ሕመም እስኪያመጣ ይታለፋል፤ ሕመሙ ሲመጣ ደግሞ ይነቀላል። የጥርስ ሕክምና ባለሙያዎች ግን ይህ አመለካከት መታረም እንዳለበት ያስረዳሉ።

የወተት ጥርሶች 20 ናቸው። በአብዛኛው ከስድስተኛው ወር ገደማ ጀምሮ መብቀል ይጀምሩና ሕፃኑ ሦስት ዓመት ሲሞላው ተሟልተው ይገኛሉ። የፊቶቹ በስድስትና በሰባት ዓመት ይወልቃሉ። መንጋጋዎቹ ግን እስከ አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት ድረስ ይቆያሉ። እንግዲህ የአምስት ዓመት ሕፃን መንጋጋ ገና ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት የሚያገለግል ነው፤ በመንግሥት ሠራተኛ አነጋገር ጡረታው ገና ነው።

የወተት መንጋጋ ምግብ ከማላመጥ ሌላ፣ ከሥሩ ለሚመጣው ቋሚ ጥርስ ቦታ ጠብቆ የማቆየት ሥራ አለው። ልጁ ስድስት ዓመት ሲሆነው ከወተት መንጋጋዎቹ ኋላ የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ይበቅላል። ከፊቱ ያለው የወተት መንጋጋ ያለ ጊዜው ከተነቀለ ይህ አዲስ ጥርስ ወደ ባዶው ቦታ እየተገፋ ይመጣል። ከዓመታት በኋላ የሚበቅለው ቋሚ ጥርስም መውጫ ያጣል፤ ወይም ተጣሞ ይወጣል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን የተረዳው ዘግይቶ ነው። ከዓመታት በፊት የአምስት ዓመት ልጁን በጥርስ ሕመም ሌሊቱን ስታለቅስ ካደረች በኋላ ወደ አንድ ክሊኒክ ወስዶ አስነቀለላት። ሕመሙ በዕለቱ ቆመ፤ ቤተሰቡም ተደሰተ። ስለ ባዶው ቦታ የነገረው ሰው አልነበረም፤ እርሱም አልጠየቀም። ልጅቱ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ግን በዚያው በኩል ያለው ቋሚ ጥርሷ ከመስመር ወጥቶ በቀለ። ለማስተካከል የተጠየቀው ገንዘብና ጊዜ ከመጀመሪያው ሕክምና ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ጥርሱን ሳይነቅሉ ማዳን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው መሙላትን ነው። ነገር ግን የወተት ጥርስ ውጫዊ ጠንካራ ሽፋን ከቋሚው ጥርስ ይልቅ ስስ ነው። ነርቩና የደም ሥሩ ያለበት ውስጠኛ ክፍል ደግሞ ከጥርሱ መጠን አንጻር ሰፊ ነው። ስለዚህ መቦርቦሩ ፈጥኖ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ በተለይ በሁለት ጥርሶች መካከል የጀመረ ከሆነ የተሞላው ነገር ቶሎ ይሰነጠቃል ወይም ይወድቃል። ባለሙያዎች ክራውን የሚሉት የጥርስ ቆብ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥርሱን ከላይም ከጎንም ስለሚሸፍን አዲስ ቀዳዳ የሚከፈትበት ቦታ አይተውም።

ለሕፃናት መንጋጋ የሚሆነው ቆብ ከማይዝግ ብረት አስቀድሞ በልክ ልኩ የሚሠራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ በጥቅም ላይ ይገኛል። የወተት መንጋጋዎች ስምንት ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸው ስድስት ልክ ተዘጋጅቶላቸው 48 ቆቦች በአንድ ሣጥን ይቀርባሉ። እንደ አዋቂዎቹ ክራውን ልክ ተወስዶ ከላቦራቶሪ እስኪመጣ አይጠበቅም። ጥርሱ የሚወልቅበት ጊዜ ሲደርስም ቆቡ አብሮ ይወልቃል። በልማዳችን ወደ ጣሪያ የሚወረወረው ጥርስ ብረት እንደለበሰ ይወረወራል ማለት ነው።

በተለመደው አሠራር ሕፃኑ የማደንዘዣ መርፌ ይወጋል፤ የተበላሸው ክፍል በመሰርሰሪያ ይጸዳል፤ ጥርሱም ዙሪያውን ይሞረዳል። ይህን ሁሉ ያለ ለቅሶ የሚታገሥ የአራት ዓመት ልጅ ጥቂት ነው። ኖርና ሆል የተባሉ የስኮትላንድ የጥርስ ሐኪም ግን መርፌም መሰርሰሪያም ሳይጠቀሙ ቆቡን በጥርሱ ላይ የማጣበቅ ዘዴን ለዓመታት ሲሠሩበት ቆይተው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ለሕትመት በቃ። ዘዴው ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጥርሶቹ እጅግ የተጠጋጉ ከሆነ ለጥቂት ቀናት ትናንሽ የላስቲክ ቀለበቶች በመካከላቸው ገብተው ቦታ ያስገኛሉ። ከዚያም ልኩ የተመረጠው ቆብ ውስጡ በማጣበቂያ ሲሚንቶ ተሞልቶ ጥርሱ ላይ ይጫናል፤ ሕፃኑም ራሱ ነክሶ ወደ ቦታው ያስገባዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አነካከሱ ከፍ ያለ መስሎ ይሰማዋል፤ ይህ በራሱ ይስተካከላል።

ብልሽቱ ሳይጸዳ እንዴት ይከደናል የሚለው ጥያቄ የብዙ ወላጆች፣ መጀመሪያ ላይም የብዙ ሐኪሞች ነበር። መልሱ ጥርስን የሚቦረቡሩት ባክቴሪያዎች ከምንበላው ስኳር የሚኖሩ መሆናቸው ነው፤ ቆቡ በሚገባ ከታሸገ ምግባቸው ይቋረጥና መቦርቦሩ ይቆማል። በስኮትላንድ 132 ሕፃናትን ያሳተፈና እ.ኤ.አ. በ2011 የአምስት ዓመት ውጤቱ ይፋ የሆነ ጥናት እንዳሳየው፣ ሕመምን ወይም መግል መቋጠርን የመሰለ ከባድ ችግር የገጠማቸው ቆብ ከለበሱት ጥርሶች 3 በመቶ፣ በተለመደው መንገድ ከተሞሉት ደግሞ 16.5 በመቶ ነበሩ።

ይሁንና ዘዴው ለሁሉም ጥርስ አይሆንም። ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ካለ፣ ድዱ ካበጠ ወይም መግል ከያዘ ብልሽቱ ነርቩ ዘንድ ደርሷልና መክደን ጉዳት ያስከትላል፤ ቀድሞ የነርቩ ሕክምና መሰጠት፣ ካልሆነም ጥርሱ መነቀል ይኖርበታል። ያን ጊዜ ቦታ የሚጠብቅ መሣሪያ ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ የወላጅ ድርሻ ነው። ብረቱ ኒኬል ስላለበት የኒኬል አለርጂ ያለበት ልጅም አስቀድሞ መታወቅ አለበት። መልኩን የማይወዱ ወላጆች ዚርኮኒያ ከተባለ ነገር የሚሠራውን ነጭ ቆብ ይመርጣሉ፤ እርሱ ግን ዋጋው ከፍ ያለ ከመሆኑም በላይ ጥርሱን ብዙ መሞረድ ይጠይቃል።

በአገራችን የወተት ጥርስን ያለ ጊዜው ማጣት ከስኳር በፊትም የነበረ ችግር ነው። ሕፃን ሲያስቀምጠው ወይም ሲያተኩሰው "ግግ" ነው በማለት ያልበቀለ ጥርሱን ከድዱ ቆፍሮ ማውጣት በብዙ አካባቢዎች ሲሠራበት የኖረ ጎጂ ልማድ ነው። ድርጊቱ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ከማጋለጡም ሌላ ከሥር ያለውን የቋሚ ጥርስ እንቡጥ ይጎዳል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ላይ በደነገገው ክፍል ይህን ድርጊት እንጥል ከመቁረጥ ጋር አንሥቶታል። ያ ልማድ በትምህርት እየተነቀፈ ባለበት ጊዜ የከረሜላውና የጣፋጭ መጠጡ ጉዳት በከተማ ልጆች ላይ ተተክቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት በዓለም 514 ሚሊዮን ሕፃናት የተቦረቦረ የወተት ጥርስ እንዳላቸው ገምቷል።

ጉዳዩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችንም ይመለከታል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። በእንደዚህ ያሉ ማቆያዎች የሚውሉት ልጆች የወተት ጥርሳቸው በሚበቅልበት ዕድሜ ላይ ያሉ ናቸው። ልጅን በስኳር የጣፈጠ ጡጦ አጉርሶ ማስተኛት የፊት ጥርሶችን ገና በሁለት ዓመቱ ያበሰብሳል። ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ከሦስት ዓመት በታች ላሉ የሩዝ ፍሬ፣ እስከ ስድስት ዓመት ላሉ ደግሞ የአተር ፍሬ በሚያህል መጠን በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃል። የጉድጓድ ውኃው ከፍተኛ ፍሎራይድ ባለበት እንደ ወንጂ ባለ የስምጥ ሸለቆ አካባቢ የሚኖሩ ወላጆች ግን ስለ ሳሙናው ባለሙያ ማማከር ይኖርባቸዋል። ሕፃኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በጥርስ ሐኪም እንዲታይ የሚመከረው አንድ ዓመት ሳይሞላው ነው።